በበዓል ቀን የጮኸው መኪና

መኪናው የሚያድረው በመኝታ ቤታችን መስኮት ሥር ነበር። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ሌላ ማቆሚያ አልነበረውም። ከመኪናው ወዲያ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጉድጓድ። ድሮ ጉድጓድ አልነበረም፤ የጎረቤቴ ግቢ ነበር፣ የኮክ ዛፍ ነበረበት። ሸጦ ሄደ። የገዙት ሰዎች ፎቅ ሊሠሩ መሬቱን መቆፈር ጀመሩ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲቆፍሩ ከረሙ።

ባለቤቴ የወደቀችው ከዚያ በፊት ነው። ቀኝ ጎኗ ከዳት፣ አፏም አብሮ ተያዘ። የቀራት ግራ እጇና ዓይኗ ነው። እንዳትወድቅ ብዬ አልጋዋን ከግድግዳው አስጠጋሁላት።

አላርሙ መጮህ የጀመረው ቁፋሮው ሲጀመር ነው። መኪናውን ስገዛው ተገጥሞለት የመጣ ነገር ነው፤ እኔ ግጠሙልኝ አላልኩም። ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ድንገት ይነሣበታል። አንዴ እንደ አምቡላንስ፣ አንዴ እንደ ወፍ፣ አንዴ ደግሞ እንደታነቀ ሰው ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር እሷ ትደነግጣለች። ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል፤ ደሟ ከፍ እንዳይል፣ አታስደንግጧት፣ ስትሮኩ ሁለተኛ ከመታት አትተርፍም ብሎኛል። እኔ ታዲያ ሪሞቱን ይዤ እሮጣለሁ፣ ሩጫ ካላችሁት። ከመስኮት ሆኜ ብጫነው አይሰማም። ከበሩ ላይም አይሰማም። ግራ መብራቱ አጠገብ ሄጄ፣ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ስጫነው ነው ዝም የሚለው። ያውም ደስ ሲለው።

ተመልሼ ስገባ ሁልጊዜ በግራ መዳፏ ግድግዳውን ትመታለች። ጧ፣ ጧ።

«ሰማሁ፣ አጥፍቼዋለሁ» እላታለሁ።

ትመታለች።

«መኪናው ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!»

ታፈጥብኛለች። ለኔ የመሰለኝ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን መኪና አንሣልኝ ማለቷ ነው። የት ላንሣው? መንገድ ላይ ቢያድር ጠዋት ጎማው ወልቆ ነው የማገኘው።

መገናኛ ከታክሲ ተራው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረምሳ አለ። ወሰድኩለት። ሪሞቱን ከፍቶ ተመለከተና ፊቱን አኮማተረ።

«ፋዘር፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከኔ ያንሳል።»

«ከእርስዎማ ምን የማያንስ አለ!»

ሳቀብኝ። የባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። የውስጡን ብረት በላጲስ ፈትጎ አዲስ ድንጋይ ከተተበት። ኮፈኑን ከፈተና ውሃ የገባባትን አንዲት ትንሽ ማብሪያ አደረቀ። በሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ዘጋ። በመጨረሻ መኪናውን በቡጢ መታው፤ ጮኸ።

«ሴንሰሩ ነው። ሰፈርዎ ቁፋሮ አለ?»

«ጎኔ ላይ።»

«በቃ! ማሽኑ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው መኪናው ሌባ መጣ ይላል። ቀንሼልዎታለሁ፣ አሁን ዝሆን ካልተደገፈው አይጮህም።»

«ነቅለህ ጣልልኝና ልገላገል።»

«ከሞተሩ ጋር ነው የታሰረው። እሱን ዝም ብዬ ከነቀልኩ መኪናው አይነሣም። ሰፊ ሥራ ነው፣ ከበዓል በኋላ ይምጡ።»

«የመኪናውን ባትሪ ብፈታውስ?»

«ጡሩንባው የራሱ ባትሪ አለው፣ ፋዘር። ጭራሽ ይብስብዎታል።»

እውነትም ለጥቂት ቀን ዝም አለ። ሰላም አገኘሁ ብዬ ነበር።

እንቁጣጣሽ ዋዜማ ሌሊቱን ዘነበ። ሲነጋ ማሽኑ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ለበዓል አገራቸው ገብተዋል። ያን ያህል ጸጥታ ክረምቱን ሙሉ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ከሰሚት ዶሮዋን ይዛ መጥታ ጓዳ ገብታለች። እኔ ለባለቤቴ አጥሚት እየሰጠኋት ሳለ አላርሙ ጮኸ።

ማንኪያውን ጣልኩ። ተናድጄ ወጣሁ። ማሽን የለ፣ ሌባ የለ፣ ድንጋዩ አዲስ ነው። ግራ መብራቱ ጋ ሄጄ ተጫንኩት፣ እምቢ አለ። ሪሞቱን ከፍቼ እፍ አልኩበት፣ በኮቴ ጠረግሁት፣ ደግሜ ተጫንኩ። ዝም አለ። ገና በሩን ሳልረግጥ እንደገና ጮኸ። ያን ጎረምሳ ረገምኩት፤ ሠራልኝ ያልኩት አበላሽቶት ነው አልኩ።

ስገባ ግድግዳውን ትመታለች። ልጄ አጠገቧ ቆማለች።

«አባዬ፣ እማዬ ምን እያለች ነው?»

«መኪናውን ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ናት።»

«መኪናውን አይደለም። መስኮቱን መቼ አየችው? ግድግዳውን ነው እኮ የምታየው።»

ጎንበስ አልኩ። ትራሷ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። ያን ብናኝ ስንት ቀን ከኮርኒሱ የወረደ መስሎኝ ሳራግፍላት ከርሜያለሁ። መዳፌን ከመዳፏ አጠገብ አደረግሁ። ግድግዳው እንደ ታመመ በሬ ጎን ይርገበገባል። አልጋውን ስቤ ባይ፣ ከአልጋው ጀርባ ከወለሉ እስከ ትራሷ ድረስ ተሰንጥቋል። እጄ ይገባል። ከውስጡ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል።

«ያዣት!» አልኩ።

ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ፣ እሷን ጭኜ ልወጣ። ቁልፉን ባዞረው አይነሣም። አላርሙ ቆልፎታል። ሪሞቱን ብጫን፣ ብጫን፣ መብራቱ ብቻ ብልጭ ይላል። ትቼው ወጣሁና ወደ ማዶ ጎረቤቶቼ ጮኽኩ። የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ። ባለቤቴን ከነፍራሹ አራት ሆነን አነሣናት። አስፋልቱን ተሻግረን ማዶ በረንዳ ላይ አስቀመጥናት።

መድኃኒቷ ቀርቷል ብዬ ልመለስ ስል ልጄ ኮቴን ያዘች።

«ልቀቂኝ!»

«አለቅህም!»

ስንጓተት መሬቱ ወረደ። ድምፁ እንዳሰብኩት ትልቅ አልነበረም፤ ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲደፋ እንደሚሰማው ነው። መጀመሪያ አጥሩ ሄደ፣ ከዚያ መኪናው፣ ከዚያ አልጋዋ የነበረበት ክፍል። አቧራው ሲበርድ ከጉድጓዱ ውስጥ አላርሙ ይጮኻል። እኔም ሪሞቱን እጫናለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ እጄ የለመደውን ነው ያደረገው። አልሰማኝም። በጮኸ ቁጥር በረንዳው ላይ እሷ ትደነግጣለች፤ ላጠፋላት አልቻልኩም። የራሱ ባትሪ እስኪያልቅ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጮኸ።

በማግስቱ የሳይቱ ኢንጂነር መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «አባቴ፣ እግዜር አተረፋችሁ። እንዲህ ይሆናል ብለን አላወቅንም» አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ተውኩት። እሱን የነገረው የለም፤ እኔን ግን የነገረችኝ ነበረች።

አሁን ሰሚት ነን፣ ልጃችን ኮንዶሚኒየም። አልጋዋ እዚህም ግድግዳ ጥግ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ እጇም ደክሟል፤ ሐኪሙ ስትሮኩ ዳግም በመጠኑ መቷታል ብሏል። አንዳንድ ቀን ግድግዳውን ትመታለች። በባትሪ እያበራሁ ከላይ እስከ ታች አያለሁ። ስንጥቅ የለም፣ ብናኝ የለም። ልጄ «አባዬ፣ ምንም የለም እኮ በላት» ትለኛለች።

አልላትም። መዳፌን ከመዳፏ አጠገብ አድርጌ እስክታቆም እጠብቃለሁ። ሰሞኑን ምቷ አይሰማም፤ ጣቶቿ ብቻ ይነካኩታል።