እትዬ ሸዋዬ «ኖር» ያሉበት ምሽት

እትዬ ሸዋዬ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ድረስ የመጡት ልጃቸውን ቤተልሔምን ይዘው ሊመለሱ ነበር። «ልጅሽ ጭፈራ ቤት ስትዘፍን ዝም ትያለሽ?» እያለ ወንድማቸው ሲነዘንዛቸው ከርሟል። ገበያ ላይ የማሾ ጥራጥሬ እየቸረቸሩ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ስሟ በክፉ ሲነሳ አንጀታቸው ያርራል።

የባህል ምግብ ቤቱ ገና በአንድ ሰዓት ሞልቷል። እትዬ ሸዋዬ ቦርሳቸውን ታቅፈው ከመድረኩ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ማሲንቆው ሲጀምር ቤተልሔም የጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ብቅ አለች። እሳቸው ደግሞ ሰው ሲገባ ተቀምጠው መቀበል አያውቁምና ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ እናቴ ይቀመጡ፣ ዘፋኟ ናት እኮ!» አላቸው። እትዬ ሸዋዬ ሽምቅቅ አሉ። «በቃ፣ ልጄን በሰው ፊት አሳፈርኳት» አሉ በሆዳቸው።

ቤተልሔም ግን ማሲንቆ መቺውን በእጇ አስቆመችው። «በእግዜር እማዬ!» አለች ድምፅ ማጉያውን እንደያዘች። «እናቴ ናት፤ ያሳደገችኝ» ብላ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች። ሳቁ ጭብጨባ ሆነ። ዘፈኑንም እዚያው አጠገባቸው ቆማ ዘፈነችው።

ሲያልቅ ጎንበስ ብላ፣ «አጎቴ ደውሎ ነግሮኛል፤ እውነት ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?» አለቻቸው።

እትዬ ሸዋዬ በነጠላቸው ጫፍ የግንባሯን ላብ ጠረጉላት።

«እኔ ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ። ሌላ ጊዜ አጎትሽን ይዤው እመጣለሁ፤ እሱም በዓይኑ ይይ። አሁን ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ።»