የፈንቴ ደረቅ ታንኳ

ትናንት ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ሸተተኝና አያቴ ወንድሜን ያሸሹበት ጠዋት ታወሰኝ።

ደርግ ጎረምሳ እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ዘመን ነበር። አያቴ ወንድሜን በታንኳ ደቅ ደሴት ሊያደርሱት ቆረጡ። መንገዱ ቀን ሙሉ ያስቀዝፋል። የእኛ ታንኳ ግን ገና ማታ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ስለገባ፣ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። «ጣናን ዓይኔን ጨፍኜ አቋርጣለሁ» የሚለው ጎረቤታችን ፈንቴ ደግሞ ታንኳውን ደጁ ላይ አቁሞ ፀሐይ ሲያስመታ ሰንብቷል። እሱን ልንለምን ሄድን።

«አባባ፣ የእኔም አልደረቀም እኮ» አለ፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ፈርቶ።

አያቴ ታንኳውን በጣታቸው ቢነኩት እንደ ገለባ ተንኮሻኮሸ።

«አንተ ፈንቴ፣ ያልደረቀውስ ሱሪህ ነው» አሉት።

በእርጥቡ ታንኳ ወጡ። ታንኳው ከክብደቱ ዝቅ ስላለ፣ ከዳር ሆኜ ሳይ ወንድሜ ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። አያቴ ብቻቸውን ተመለሱ፤ ወንድሜ ከደቅ ወዴት እንዳለፈ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ፈንቴ አሁን ጠላ ቤት ተቀምጦ «ያን ልጅ በታንኳዬ ያሻገርሁት እኔ ነኝ» ይላል። ሰው ፊት ላጋልጠው አልደፍርም። እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋልኝ ግን ሳልጨብጠው ነጠላዬን አስተካክላለሁ።