ለአባቴ የተጠቀለለ ጉርሻ

ላይኛው ፎቅ ያለው ሳዑዲ ጎረቤቴ ዘንድሮም በአረፋ ዕለት ካረደው በግ አንድ ፌስታል ሥጋ የቤቴ በር ላይ አንጠልጥሎልኝ ሄደ። ኩሽና ይዤው ስገባ ሽታው አፍንጫዬን አወደው፤ ወዲያው እግሬን አየሁት። ሪህ ከያዘኝ ወዲህ ሥጋ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እግሬን ነው። ሐኪሙ ቀይ ሥጋ ጨርሶ አልከለከለኝም፤ «ትንሽ፣ አልፎ አልፎ» ነው ያለኝ። ትንሽ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን እቤታችን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እዚሁ ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር ነበር። አባቴ የአንድ ሳዑዲ ቤተሰብ ሾፌር ነበር፤ ሪህም ነበረበት። የእግሩ አውራ ጣት ካበጠ ፍሬን መርገጥ አይችልም፤ ፍሬን ካልረገጠ ከፊሉ፣ ማለትም ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ሌላ ሾፌር ያመጣል፤ ያኔ የሁላችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ አበቃለት፣ ወደ አገር ቤት ነው። እኔና እህቴ ጠዋት ስንነሳ ከፊቱ በፊት እግሩን ነበር የምናየው።

እናቴ ለዚህ ሕግ አውጥታለታለች። አባቴ ሥጋ በገዛ እጁ አይነካም፤ የሚበላው ስናጎርሰው ብቻ ነው። እሷ አንዴ፣ እኔ አንዴ፣ እህቴ አንዴ፣ ከዚያ ኸላስ። እኔ ጉርሻዬ ትልቅ እንዲመስልለት እንጀራውን አወፍረውና ሥጋውን አሳንሰው ነበር። ተንኮሌን ያውቃል። ጣቶቼን ነከስ እያደረገ ያስቀኛል።

ጭንቁ አረፋ ሲመጣ ነበር። ሰፈር ያለው የወሎ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል፤ ጥብሱ በቅቤና በጥብስ ቅጠል ቤቱን ያውደዋል። እንግዳ ደግሞ የቤቱን ጌታ ሳያጎርስ አይሄድም። አንድ ዓመት የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ሰይድ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» አለው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «የእሱን ጎርሰህ የእኔን ልትመልስ?» አለችው። አባቴ የሰው እጅ መመለስ የማይሆንለት ሰው ነው፤ የሁሉንም ጎረሰ።

በማግስቱ ጣቱ እንደ ቲማቲም ቀላ፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያቃስት ነበር። ከፊሉ ደወለ። እናቴ እያለቀሰች እግሩን በሽርጥ ጠቀለለችለት፤ ጫማ ሳያደርግ እያነከሰ ወጣ። እኛ መስኮት ላይ ተደርድረን መኪናዋ እስክትንቀሳቀስ ጠበቅን። ተንቀሳቀሰች። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው አረፋ እናቴ እኔን ከአባቴ ጎን አስቀመጠችኝና ለእንግዶቹ ተናገረች። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይሄን ሰውዬ የምትወዱት ከሆነ ልጁን አጉርሱልኝ። ዛሬ አፉ ይሄ ነው።» ሰዉ ሳቀ፤ ግን እሺ አላት። ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዱ ጠቅልሎ አባቴ አፍ ድረስ ይወስድና ወደ እኔ ያዞረዋል። ሆዴ እስኪነፋ ጎረስኩ። አባቴ በየመሀሉ «እንዴት ነው?» ይለኛል። አፌ እንደሞላ «ይጣፍጣል» እለዋለሁ። እሱ ምራቁን ይውጣል። በዚያ ዓመት እግሩ ደህና ከረመ፤ እኛም ሪያድ ቀረን።

ዛሬ ያ ሰው ሁሉ ተበትኗል። ጋሽ ሰይድ አገሩ ገባ፣ እህቴ ጂዳ አገባች። እናትና አባቴ ጠቅልለው ኮምቦልቻ ገቡና አባቴ እዚያው አረፈ። ጉርሻውን የበላሁለት እኔ ሪሁንም ወርሼ ነሲም ቀረሁ። ብቸኝነቱን በሌላው ቀን ሥራው ይሸፍነዋል፤ በአረፋ ግን የሚሸፍነው የለም።

እናቴ ደውላ «ማን አለ አጠገብህ?» አለችኝ።

«ጓደኞቼ አሉ፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ። በል አንድ አንድ ያጉርሱህ፤ በገዛ እጅህ እንዳትነካ» አለችኝ። እሺ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

ሥጋውን ጠብሼ ብቻዬን ቀረብኩ። ሳላስበው እጄ የድሮውን ጠቀለለ፤ እንጀራው ወፍራም፣ ሥጋው ትንሽ። ጨርሼ ስይዘው ግን እጄ ሰሃኑ ላይ ቆመ። ያኔ ለአባቴ ስጠቀልል፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር።