ነፋስ የምትለካ ሽቦ

ነገሩ የለየለት በኅዳር ወር፣ ረቡዕ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ስንወጣ ነው። የአጎቴ ሚኒባስ ሰው ሞልታ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደና እንቅልፍ እንዳንገላታው ሰው ትንገጫገጭ ጀመር። አጎቴ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጡት። ምንም አልተለወጠም። በመስኮት የማየው ቢጫ የጤፍ ማሳ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይፈስ ነበር፤ እኛ ቆመን ምድሪቱ የምትሄድ ይመስል።

"አያ፣" አለች ከኋላ ቅቤ የያዘች ሴት፣ "እኛ ወርደን እንግፋዎ ወይስ እርስዎ ወርደው ይጎትቱን?"

"ተይ እንጂ፣" አላት አጠገቧ የተቀመጠ ገበሬ። "ቅቤሽ ሳይቀልጥ እንዲያደርሱሽ ለምኚ። እኔስ በቅሎዬን ቤት ትቼ መምጣቴ ነው የቆጨኝ።"

ሰዉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አጎቴ ለእንዲህ ያለው ቀልድ መልስ አያጡም። ያን ቀን ግን መሪውን አጥብቀው ጨበጡ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለነበር ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

"አያ" የሚላቸው መንገዱ በሙሉ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ሽንዲ ሲመላለሱ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት። እኔ ያኔ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስኪገኝ እሳቸው ቤት ተቀምጬ ነበር። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን ሳላነሳ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቡሬ ስንደርስ ደንበኛቸው የሆነው መካኒክ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ አዳመጠ። ጉልበቷ መድከም ሲጀምር እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀይሯል፤ የነዳጁን መስመርም አጥቧል።

"አያ፣ ከእንግዲህ የቀረው ሞተሩን አውርዶ መክፈት ነው፤" አላቸው።

"አንዴ የተከፈተ ሞተር እንደ ታረቁ ባልና ሚስት ነው፤ ቢገጥምም ኮሽ ይላል፤" አሉ አጎቴ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ከዚህ በፊት ሽጡልኝ እያለ ለሚወተውታቸው የዳንግላ ሰው ደወሉ። "ነገ ጧት ና፤ አይተህ ውሰዳት።" ስልኩን ኪሳቸው ሲከቱ ወደ እኔ ሳይመለከቱ፣ "እኔም ደክሜያለሁ። ለሁለታችንም ይበቃናል፤" አሉ።

ወደ ቤታችን ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ምንም ያልነካት መሰለች።  ያለዚያች መኪና አጎቴ ምን ሆነው እንደሚውሉ ለማሰብ ሞከርኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥሩ ታየኝ።

"አያ፣ እስቲ ልያት?" አልኩ ግቢ ስንገባ በቀስታ።

"እያት። ለማየትማ ማን ይከለክልሻል፤" አሉና ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ።

ያ ከሰዓት በኋላ አሁንም ሳስበው በሕልም ያየሁት ይመስለኛል። ከአጥሩ ውጭ ለኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርቡ ወጣቶች ነበሩ፤ መዶሻቸው አንዴ እኩል፣ አንዴ ተራ በተራ ይመታል። የባሕር ዛፉ ጥላ ግቢው ላይ ይወዛወዛል። የሚኒባሷ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገለበጥኩና አስነሳኋት። ነዳጅ ሳልሰጣት በቆመችበት ትንቀጠቀጣለች፤ ልትጠፋ ትልና ትመለሳለች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አዳመጥኳት። የደከመ ሞተር ድምፅ አልመሰለኝም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ድምፅ ነው።

ትንፋሽ ስል የዩኒቨርሲቲ መምህራችን ትዝ አሉኝ። አየር ወደ ሞተር ሲገባ የሚያልፍባት አንዲት ሽቦ አለች፤ ከጸጉር ብዙም አትወፍርም። በኤሌክትሪክ ትግላለች። የሚያልፈው ነፋስ ያቀዘቅዛታል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ነፋሱ ምን ያህል እንዳቀዘቀዛት አይቶ ስንት ነዳጅ መስጠት እንዳለበት ያውቃል። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ መስኮቱ ክፍት ነበር። የጣና ነፋስ ክንዴን ነካ አደረገውና፣ እኔም እንደዚያች ሽቦ ነኝ፣ ማንም ሳያየኝ ያለፈውን ሁሉ እለካለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ሽቦዋ በቆሻሻ ከተሸፈነች ነፋሱ በደንብ አይሰማትም። ብዙ አየር አልፎ ሳለ ጥቂት ነው ትላለች፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ጥቂት ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ዳገት ላይ ይርበዋል። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አልነበረኝም፤ ግን አንድ ቀላል ፈተና አለ። ውሸታሟን ዝም ማሰኘት ነው። ሽቦዋን ከያዘው ሴንሰር ጋር የተያያዘውን ሶኬት ነቀልኩት፤ እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሽቦዋን መጠየቅ ትቶ በግምት ይሠራል። መንቀጥቀጡ ቆመ። ሞተሩ ረጋ ብሎ፣ ሆዱ እንደሞላ ድመት ማጉረምረም ጀመረ።

ሳላስበው ሳቅኩ። ሞተሩን አጥፍቼ ካቻቢቴ አመጣሁና ሴንሰሩን ፈታሁት። ሽቦዋ ላይ ጥቁር ቅባት ተለጥፏል፤ ቅባቱ ላይ ደግሞ እንደ ጥጥ ብናኝ ያለ ነገር። ከየት እንደመጣ ለማወቅ አየሩን የሚያጣራው ፊልትሮ ያለበትን ሳጥን ከፈትኩ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ፊልትሮው በዘይት የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ለብሷል። ይህን አውቀዋለሁ፤ ቡሬ መናኸሪያ ያለ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። "ጋቢ ማልበስ" ይሉታል። አጎቴ መንዳት የተማሩት ፊልትሯቸው ዘይት ውስጥ በሚቀመጥ በድሮ የጭነት መኪኖች ነው። የሽንዲ መንገድ አቧራ ሲያስቸግራቸው ያንን አስታውሰው አሮጌ ጋቢ ቀደዱ፣ ዘይት ውስጥ ነከሩ፣ ፊልትሮውን አለበሱት። ለመስመሩ ሾፌሮችም አስተማሩ። ሰው ሲያመሰግናቸው የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ሞተሩ በሳበ ቁጥር ግን ዘይቱም ብናኙም ሽቦዋ ላይ ይሄድ ነበር።

ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን አልኮል ገዝቼ ሽቦዋን በእጄ ሳልነካ አልኮሉ ውስጥ ነክሬ አጠብኳት፤ ፀሐይ ላይ አደረቅኳት። ሴንሰሩን ከነሶኬቱ ገጠምኩ፤ ጨርቁን አውልቄ ፊልትሮውን ብቻውን መለስኩ።

አጎቴ ሲመጡ እኔንም አሳፍረው ይዘዋት ወጡ። የማንኩሳን ዳገት ከሦስተኛ ማርሽ ሳይወርዱ ጨረሱት። አናቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙና እንደ ልጅ ሳቁ።

"ምን አደረግሻት አንቺ?"

"አንዲት ሽቦ ቆሽሻ ነበር። አጠብኳት።"

"ከምን ቆሸሸች?"

ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። "ከመንገዱ፣" አልኩ።

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። "መንገዱማ ነገም አለ። ከመንገድ ከሆነ ተመልሳ ትታመማለች። በየዳገቱ የሰው መሳቂያ ከምሆን ደህና ሳለች ልሸኛት።" ሞተሩን እያስነሱ ጨመሩ፦ "ጋቢዋን አውልቀሽ ደጅ እንዳኖርሽው አይቻለሁ፤ መልሰሽ አልብሻት። ለገዢውም ይጠቅመዋል።"

በእኛ አገር ታላቅን ሰው ተሳስተዋል አይሉትም። ዙሪያውን ይሄዱታል፤ ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቁታል። ያን ምሽት እራት ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቃል ፈለግሁ። ያገኘሁት ሁሉ ወይ የሚያቆስል ነው ወይ የማይገባ።

በማግስቱ ጧት የዳንግላው ሰው መጣ። ሚኒባሷን በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞረ፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። አጎቴ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ያወሩለታል።

"ሽንዲ ስትወስዳት ጋቢ አልብሳት፤" ይሉታል። "ዘዴው የኔ ነው።"

ጨርቁን ይዤ ወጣሁ።

"አያ፣ ያሳመማት ይኼ ነው።"

ሁለቱም ዞሩ። እኔ አላቋረጥኩም። ዘይቱ ሽቦዋ ላይ እንደሚሄድ፣ ጨርቁ ከሌለ ሕመሙ እንደማይመለስባት፣ ፊልትሮው ብቻውን አቧራውን እንደሚችል ተናገርኩ።

"ልጅቱ እንድትሸጥ አልፈለገችም መሰለኝ፤" አለ ገዢው እየሳቀ።

አጎቴ አልሳቁም። ጨርቁን ተቀብለው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት።

"ስንቱን መኪና አለበስኩት መሰለሽ፤" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ጨርቁን አጥፈው ወደ ሰውየው ዞሩ። "ወንድሜ፣ ግባና ቁርስ ብላ። መኪናዋን ግን አልሸጥም። የምሸጣት ሕመሟን ስላላወቅኩት ነበር።"

"ከዳንግላ ድረስ ደክሜ ለቁርስ መጣሁ በሉኛ!"

"ጥሩ ሽሮ ነው።"

ሰውየው ገባ። አጎቴ ቁልፉን እያገላበጡ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦ "ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈርቼ ነው፣ አያ።"

"እንግዲያው ፍርሃትሽን ለዚህ ለዳንግላው ሰው ስጪውና፣ ባዶ እጁን አይሂድ፣ ነይ ግቢ። መናኸሪያ ያሉትን መኪኖች ያለበስኩ እኔ ነኝ፤ የምታወልቂላቸው አንቺ ነሽ።"

እንግዳውን ሸኝተን ቡሬ ስንደርስ ለሽንዲ ተራ የያዙት ሚኒባሶች ተሰልፈው ነበር። አጎቴ ከመኪናቸው አልወረዱም። እኔ ወረድኩ። ወደ መጀመሪያው ሾፌር ሄጄ ጤና ይስጥልኝ አልኩት፤ ስላልሰማኝ ደግሜ አልኩት። ከዚያ የፊት ወንበሩን እንዲያነሳልኝ ለመንኩት።