የቀርከሃ ጠመንጃና ጭብጥ ሣር

ሰሞኑን እዚህ ሴቻ ሰፈር ከቤታችን አጥር ማዶ እንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ ሰዎች ከጨንቻ ያስመጡትን እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ይውላሉ፤ ገጀራው ባረፈ ቁጥር አዲስ የተቆረጠ ዱባ የሚመስል ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣል፣ ሌላውን ሰው ደስ ይበለው እንጂ እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። ትናንት የልጅ ልጄ ሶሊያና ከሠራተኞቹ ለምና ያመጣችውን ቁራጭ ጭኔ ላይ ጥላ "እማማ፣ የሆነ ነገር ሥሪልኝ" አለችኝ። ምን እንደምሠራላት ሳላስብ እጄ ቢላዋ አነሳ፣ አንጓውን ቆረጠ፣ ቀዳዳውን ጠረገ፣ ጠርዙን በድንጋይ ፈገፈገ፤ ስባንን እጄ ላይ ያለው ጠመንጃ ነው። ሁለተኛ አልነካም ብዬ የማልኩትን ነገር እጄ ሳያስፈቅደኝ ሠርቶት ቁጭ አለ።

ያደግሁት ጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፣ ብርዱንና ጭጋጉን እየረገመ በየዓመቱ ዝውውር ሲጠይቅ እዚያው ያረጀ። ጎረቤታችን ጋሽ ዳልኬ የታወቁ የቀርከሃ ቤት ሠሪ ነበሩ፤ በዚያ አገር ቤት እንደ ቅርጫት ተሸምኖ ይቆማል፣ እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥር ይቆረጣል፣ ስለዚህ ቤቱም እንደ ባለቤቱ እያረጀ ሲሄድ ያጥራል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ትርፍራፊውን ሰብስበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና እኛን በዙሪያቸው ኮልኩለው መጫወቻ ያሠሩን ነበር፤ ጋሪ፣ ዋሽንት፣ ለአሻንጉሊት የምትሆን ቤት ሳይቀር እንሠራለን፣ የምንሞትለት ግን ጠመንጃው ነው። ቀጭን የቀርከሃ ቱቦ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ የታኘከ ወረቀት ይጎርስና የኋለኛው በዘንግ ሲገፋ የፊተኛው ጧ ብሎ ይተኮሳል፣ ከቅርብ ያገኘው ሰው ቆዳው ይነፋል። ወረቀት የሚገኘው ከአስተማሪ ቤት ስለሆነ የጥይት ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ የስንቱ ተማሪ የፈተና ወረቀት ታኝኮ የሰው ግንባር ላይ እንዳረፈ እግዚአብሔር ይወቀው። ጋሽ ዳልኬ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠርዙ ምላጭ ስለሆነ ሳይፈገፈግ ከደጃፋቸው አይወጣም። አማርኛን በትልቅነታቸው ስለተማሩት ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ይሉ ነበርና፣ ታላቅ ወንድሜን "አንቺ መላኩ፣ እጅሽን አሳይኝ፣ ደም አላት?" ሲሉት በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ከገበያው በታች ካሉት ልጆች ጋር የነበረንን ጠብ ከማን እንደወረስነው አላውቅም፣ ግን የምር ጠብ ነበር። በወረቀት ጥይት ይጀመራል፣ ወደ ዱላ ይሄዳል፣ በድንጋይ ያልቃል፤ ጥርስ ይረግፋል፣ ቅንድብ ይተረተራል፣ ማታ በየቤቱ ቁስል እየታጠበ ከላዩ ላይ ደግሞ ግርፊያ ይጨመርበታል። እኔ ሴቲቱ እንኳ የሰው ጆሮ ነክሼ አውቃለሁ። መምታት ደስ ይላል፣ ይህን የሚክድ ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም። የታችኞቹ አለቃ ባሳ የሚባል፣ ከእኛ ሁሉ በጉልበት የሚበልጥ፣ በአባቴ ክፍል ደግሞ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር፤ መላኩ የጠላው ለየትኛው እንደሆነ ዛሬም አልለየልኝም።

አንድ የክረምት ቅዳሜ መላኩ ከጋሽ ዳልኬ ደብቆ ያልተፈገፈገ ስንጣቂ ቀርከሃ አሹሎ መጣ። ጭጋጉ ውስጥ ተደባደብን፣ የእኛዎቹ ተበታተኑ፣ መላኩ እንሰት ማሳ ጥግ ላይ ብቻውን ተከበበ፣ እኔ እንሰቱ ውስጥ ተሸሽጌ አያለሁ። በጋሞ አገር ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ነጭተው መሀል ገብተው ይንበረከካሉ፣ ያንን ሣር አልፎ የሚመታ የለም፤ መላኩ ይህን ገበያ ላይ አይቶ ነበር፣ የገባው ግን እንደ ጨዋታ ብልሃት ነው። ተንበረከከና ጭብጥ ሣር ወደ ላይ ዘረጋ። የእናት ጩኸት የማያቆማቸው፣ የአባቴ አለንጋ የማይመልሳቸው ልጆች ዱላቸውን ባንድ ላይ መሬት ጣሉ። ባሳ ሊያነሳው እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። መላኩ በሌላው እጁ ከጀርባው የደበቀውን ሹል ፊቱ ላይ ሰነዘረ።

ደሙ በጣቶቹ መሀል ነበር የሚወርደው። ማንም መላኩን አልመታውም፣ ያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ደም የነካውን ሣር እያዩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዱ፣ አንድ ትንሽ ልጅ "ጎሜ! ጎሜ!" እያለ ማልቀስ ጀመረ። ጎሜ ማለት አገር ላይ መዓት የሚያመጣ ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ የባሳ አባትና አጎቶቹ የብረት ጦርና የሚነድ ችቦ ይዘው መጡ። እናቴ እኛን አልጋ ሥር ከታ ማርያምን ትጣራለች፣ አባቴ ጠመኔ የነካው ኮቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል፣ እኔ በግድግዳው ሽንቁር አያለሁ። ቤታችን ሊቃጠል፣ አባቴ ሊሞት ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ዳልኬ ከግቢያቸው ሮጠው ወጡ፣ ከደጃችን ሣር ነጭተው ሰዎቹ ፊት ተንበረከኩ። የባሳ አባት አልቆመም። "ሣሩ ዛሬ ሞቷል ዳልኬ፣ ተነሥ" አላቸው በጋሞኛ፤ የጦሩ ጫፍ በሽማግሌው ትከሻ ላይ አልፎ ወደ አባቴ ያያል። ጋሽ ዳልኬ ቀና አላሉም። "የሣሩን ሕግ የሰበረው ልጅ ነው፣ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ። አንተም ከሰበርከው ነገ ልጅህን ሊገድሉ የሚመጡትን በምን እንለምናቸዋለን?" አሉት።

ሰውዬው ጦሩን አነሳና ወረወረው፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጦሩ ከሣሩ አጠገብ መሬት ላይ ተተክሎ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ደግሞ እንደ ሴት ልጅ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ችቦውን ጭቃ ላይ አጥፍተው ሄዱ።

የባሳ ዓይን አልተረፈም። ሽማግሌዎች አስታረቁን፣ በሬ ታረደ፣ ተሳሳምን። ጋሽ ዳልኬ ግን በማግስቱ ከየቤቱ የሠራነውን ሁሉ፣ ጋሪውንም ዋሽንቱንም ሳይለዩ ሰብስበው አቃጠሉት፤ ቀርከሃ አንጓው እሳት ሲያገኘው ስለሚፈነዳ ደጃፋቸው የጦር ሜዳ ይመስል ነበር። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ያ ደጃፍ ላይ ልጅ ሲቀመጥ አላየሁም፣ ናፍቆቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ባሳ አሁን ከእኛ በታች ሲቀላ ሰፈር የጫሞ ሐይቅ ዓሣ ይሸጣል። ስሄድ ባንድ ዓይኑ መርጦ ትኩሱን ይሰጠኛል። መላኩ ጡረታ ወጥቶ ሐዋሳ ነው የሚኖረው፤ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ዓሣ አይበላም።

ትናንት ሶሊያና ጠመንጃዋን አጉርሳ ግንባሬ ላይ ስታነጣጥር ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቧንቧው ሥር ከበቀለችው ሣር ጨበጥ አድርጌ ነጨሁና በዚህ ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁላት። ሣሩን አየች፣ እኔን አየች። "እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?" አለችና ተኮሰች። እርጥቡ ወረቀት ቅንድቤ ላይ ተለጠፈ፣ እሷ በሳቅ ፈረሰች፣ እኔ መነሣት አቃተኝ።

አጥር ማዶ የስንጠቃው ድምፅ ቆመ። ቀና ስል አንድ ሽበት የጣለበት ሠራተኛ በአጥሩ ላይ እያየኝ ነው፤ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ፣ ሣር ይዤ ስላየኝ ብቻ ገጀራውን መሬት አስቀምጦ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሶሊያና ሌላ ወረቀት እያኘከች ነበር።