አውጪው የጠፋበት መንዙማ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በእጄ የሰጡኝ መሣሪያ መበየጃ ወይም ቴስተር አልነበረም፤ መዶሻ ነበር። ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ያለች ጠባብ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ናት። ዋናው ቴክኒሻን ማስተር ይመር ይባሉ ነበር፤ ከሳቸው በታች ረዳታቸው፣ ከረዳቱ በታች እኔ። «ያንን አምፕሊፋየር ሰብረህ ትራንስፎርመሩን አውጣልኝ፤ መዳቡ ይፈለጋል» አሉኝ። ከመስበሬ በፊት ሰክቼ ባየው ይሠራል። «ማስተር፣ ይሄ እኮ ደህና ነው» አልኳቸው። «ደህና መሆኑን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ማስተር ይመር ክፉ ሰው አልነበሩም። መበየድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ እግሩን አሙቀው፣ ከዚያ እርሳሱን አስጠጋ፣ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ እጅህን አንሳ» ይሉኝ ነበር። እንደዚያ የበየድኩት ዕቃ ተመልሶ መጥቶብኝ አያውቅም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የተበላሸውን መፈለግ ይደክማል፤ ደህናውን መጣል ይቀላል። ሙያችን ቀላሉን መርጦ ሲኖር አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ፋሽን መጥቷል። ሰው የቆየ የጃፓን አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ይመጣና ፍላሽና ብሉቱዝ እንዲኖረው ይፈልጋል። ቴክኒሻኑ የዕቃውን ሆድ ይዘረግፍና መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ርካሽ ሰሌዳ ይከትበታል። ከላይ ሲያዩት ያው ነው፤ ሲናገር ግን ጣሳ ነው። ባለቤቱ በመብራቱ ተደስቶ ይሄዳል። የተዘረገፈው ትራንስፎርመር ለመዳብ ይሸጣል። በዚህ ነገር ከስንቱ የሙያ ጓደኛዬ ጋር ተጣልቻለሁ! «አንተ ለብረት ታዝናለህ» አለኝ አንዱ። «ለብረት አይደለም፣ ለሚሰማው ሰው ነው» ስለው ሳቀብኝ።

አንድ ቀን ሐሊማ የምትባል ሴት አምፕሊፋየር በባጃጅ ጭና ሱቄ በር ላይ ወረደች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ደምሴ? ሆዱን አውጡና ብሉቱዝ ክተቱበት ብሏል ወንድሜ ሰይድ። አይሆንም ካሉ ደግሞ ይሸጥ ብሏል።»

ሰካሁትና በራሴ ስልክ ሞከርኩት። ንጹሕ ነው። «ምን አጠፋ ብሎ ነው የሚያሳርደው?» አልኳት።

«አባባ ጆሮው ደክሟል። መንዙማው አይሰማኝም ይላል። ለማን ብለን እናስቀምጠዋለን?» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጅዳ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁለት እኮ ነው።»

«ምኑ ነው አልሰማ ያላቸው?»

«ወላሂ ግራ የገባ ነገር ነው የሚናገረው። ተቀባዮቹ አሉ፣ አውጪው የለም ይላል።»

መንዙማ ላይ አውጪው ስንኙን ያወጣል፤ ተቀባዮቹ በኅብረት ይመልሱለታል። «ሐሊማ፣ ጆሮ ሲደክም ለሁሉም ይደክማል እንጂ ሰው እየመረጠ አይጥልም» አልኳት። አምፕሊፋየሩን እዚያው ባጃጅ ላይ አስጭኜ አብሬያት ሄድኩ።

ቤታቸው ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባቷ ሼህ ሙሔ አበጋር ናቸው። አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። የአበጋር ሥራው ደግሞ መስማት ነው። የሟችን ወገን ይሰማል፣ የገዳይን ወገን ይሰማል፣ ከዚያ ይናገራል። ጆሮው ደክሟል የተባለ አበጋር ሥራ የለውም።

ልጃቸው ሰይድ በር ላይ ተቀበለኝ። ወደ አባቱ ጆሮ ተጠግቶ «አባ! ቴክኒሻን መጣ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ሸሸት አደረጉ። ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ፣ እዚያው ፊታቸው፣ «ያየኸው ነው፤ አይሰማም። ዛሬ ከሰዓት ዕርቅ አለ፤ እኔ እንድተካው ለሽማግሎቹ ነግሬያቸዋለሁ። ደም ያለበት ነገር በማይሰማ ሰው አይያዝም» አለኝ። ስለ ሰውዬው የሚያወራው ቤት ውስጥ እንደሌሉ አድርጎ ነው። ሼህ ሙሔ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ደሜ ፈላ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ «ሼህ ሙሔ፣ አውጪው ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋብዎ?» አልኳቸው።

«ይሄ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ነው ልጄ» አሉኝ፣ በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ።

«አልፎ አልፎ የቅርቡን ይሰማል» አለ ሰይድ። ምን ይባላል? ሰውዬው አሁን መልስ ሰጡኝ እኮ!

የድሮው ማጫወቻ ሲያረጅ ሰይድ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቷል። የመንዙማው ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ድምፁ ከማዳመጫ ቀዳዳው በቀጭን ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል። ሁሉንም እንደነበረ አገናኝቼ ከፈትኩት። ተቀባዮቹ አሉ። አውጪው የለም፤ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ሽው ይላል። ሽቦውን ቀዳዳው ላይ በጣቴ ጫን ሳደርገው አውጪው ብቅ አለ። ስለቀው ጠፋ።

ነገሩ ቀላል ነው። ቀዳዳው ውስጥ ለግራና ለቀኝ የጋራ የሆነው መስመር ላልቷል። እሱ ሲላላ በግራም በቀኝም እኩል የሚመጣ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አውጪው መሃል ላይ ስለሆነ ይጠፋል። ወዲያና ወዲህ የተበተኑት ተቀባዮች ይቀራሉ። ሼህ ሙሔ ከማንኛውም ቴስተር አብልጠው ለልጆቻቸው ነግረዋቸው ነበር።

«ብልሽቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው» አልኩት ሰይድን።

«ኸረ እሱ አዲስ ነው! ዜናውንም ኳሱንም አያለሁ፣ አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም።»

እሱ ዜናና ኳስ የሚሰማው በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር ነው። መንዙማው ሲከፈት ደግሞ አባቱን ለብቻቸው ትቶ ይወጣል። በምን ይወቀው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። አዲሱን ቴሌቪዥን መጠርጠር ከበደ፤ የሽማግሌ ጆሮ መጠርጠር ግን ቀለለ።

የቴሌቪዥኑ ሆድ እንዳይፈታ ሰይድ ለመነኝ። እንግዲያውስ በሌላ መንገድ ይውጣ አልኩ። የቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ድምፁን ቁጥር አድርጎ በብርሃን የሚልክ ቀዳዳ አለ። ያንን ቁጥር ተቀብሎ መልሶ ድምፅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። «እሱንማ ከጅዳ ይዤ መጥቼ ነበር» አለች ሐሊማ። «ሰይድ ሞክሮት ሞቷል አለ።» ከመሳቢያ አወጣችው። የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ርካሽ ዕቃ ናት።

በዚያ ቤት ሁሉም ነገር ሞቷል ይባላል። የብርሃኑን ሽቦ ጫፍ አየሁት፦ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይቧጨር የሚለበሰው የላስቲክ ቆብ እንዳለ ነው። በሁለቱም ጫፍ! ብርሃኑ በየት ይለፍ? ቆቦቹን ነቅዬ ሽቦውን ሰካሁ፤ ቀይ ብርሃን ታየ። ለኮንቨርተሩ ከስልክ ቻርጀር መብራት ሰጠሁት። ቀዩንና ነጩን ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ አገባሁ። አሁንም ድምፅ የለም። «አላልኩህም?» አለ ሰይድ። ቴሌቪዥኑ የሚልከው ለኮንቨርተሯ በማይገባት ዓይነት ነበር። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ የድምፅ መውጫውን «ፒሲኤም» ወደሚለው ተራ፣ ያልተጨመቀ ዓይነት ቀየርኩት። ከጤፍ ጆንያ ኋላ የተሸጎጠውን አንዱን ስፒከርም አውጥቼ ከጓደኛው ጋር አስተካከልኩት።

አውጪው ወጣ። ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል ሰው የቆመ ያህል ነው። ስንኙን ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ እንኳ ይሰማል። በሙያዬ እንዲህ በትንሽ ዕቃ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ብዙ አላየሁም። ሐሊማ እልል አለች።

የሼህ ሙሔ ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። ይመርቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት።

«ሰይድ።»

«አቤት አባ!» ብሎ ጮኸ።

«ቀስ ብለህ ተናገር። ባለፈው ረመዳን ከመጋረጃው ኋላ ሆነህ ለእህትህ፣ አባባ ከእንግዲህ ለዕርቅ አይሆንም ስትላት ሰምቻለሁ። የሽማግሎቹን መልእክተኛ ደጅ ላይ መልሰህ ስትሰደው ሰምቻለሁ። አሁን ለዚህ ሰው ያልከውንም ሰምቻለሁ። እኔ የጠፋብኝ አንድ አውጪ ነው። እናንተ ግን እኔን ራሴን አጠፋችሁኝ።»

ሐሊማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ታዲያ ለምን አልነገርከንም አባ?» አለች።

«ነገርኳችሁ እንጂ። እሰማለሁ ባልኩ ቁጥር ጮክ ብላችሁ መለሳችሁልኝ።»

ሰይድ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «አውፍ በለኝ አባ።» ድምፁ የሚሰማው ለእሳቸውና ለቅርብ ሰው ብቻ ነበር።

«አውፍ ብያለሁ፤ አብሽር። ከዘራዬን አምጣልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ደም የተቃቡ ሰዎች እየጠበቁኝ አይደለም እንዴ? አንተም ና። ዛሬ ከኋላዬ ቁጭ ብለህ ስማ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። ሰይድ ከኋላቸው፣ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ፣ ተከተለ። እኔም መሣሪያዬን ሰብስቤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። ዕቃ ሲመጣላችሁ ክዳኑን ከመፍታታችሁ በፊት የሚሰማበትን ሰው ጠይቁት። የነገራችሁን እንዳለ ውሰዱት፤ ብልሽቱን ከዚያ ጀምራችሁ ፈልጉ።