ከባሕር አረሙ ጋር የመጡት

ሥራዬ መግደል ነበር። ዌስተን በሚባለው ሰፈር ባለው ፋብሪካ ውስጥ፣ ከአትላንቲክ ዳርቻ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣልንን የባሕር አረም ከነገመዱ ጠረጴዛው ላይ እወቃዋለሁ፤ አልራገፍ ያለውን በፈላ ውኃ እለበልበዋለሁ። ቀንድ አውጣው ይረግፋል። ጥፍር የሚያክል ሸርጣን እግሩ ተበጥሶም ይሮጣል፤ በቦት ጫማዬ እደፈጥጠዋለሁ። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸታም ነኝ።

አለቃችን ግን በእነዚህ ፍጥረታት ይኮራል። «ባሕሩ እዚያ ጋ ባዶ ነበር። ገመድ ዘርግተው አረሙን ሲተክሉበት ቀንድ አውጣው ሊበላው መጣ፣ ሸርጣኑ ቀንድ አውጣውን ተከትሎ መጣ፣ ትንንሹ ዓሣ ደግሞ ከትልቁ ሊደበቅበት ገባ። እርሻው ሕይወት ያበዛል» ይለናል። ለእኛ የሚያበዛው ሥራ ነው።

በሰኔ ጾም አንድ ዓርብ ገና ካልተወቃው አረም ትንሽ ይዤ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው ሰፈራችን፣ ቤቴ ገባሁ፤ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ እስር ቤት ሳሉ እንኳ ጾም አልገደፉም። ቀኑን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ስወቃ ውዬ ለእሳቸው ሰነፍኩ፤ በቧንቧ ውኃ ለቅለቅ አድርጌ ከምስር ጋር ቀቀልኩት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የባሕር ጎመን በሉት አባባ። ጾም ነው።»

ሁለቴ ጎረሱ። በሦስተኛው ከአፋቸው ሸርጣን አወጡ፤ ግማሹ የለም። በፍስክ እንኳ የማይነኩት ነገር ነው። ድስቱን ከነትኩሱ ወረወሩብኝ። የክንዴ ቆዳ ተገፈፈ። ስጮህ በከዘራቸው ትከሻዬን ደገሙኝ፤ ወድቄም ጀርባዬን መቱኝ። ከዚያ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ።

«ታውቅ ነበር?»

«አላወቅኩም አባባ፤ ክሊን የተደረገ መስሎኝ ነው።»

አመኑኝ። ከዘራው ይሻለኝ ነበር።

«ልጄን ያለ ጥፋቱ አቃጠልኩት» ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ሸርጣኑን ሳያውቁ ነው የበሉት ተባለላቸው፤ የስግደት ቀኖና የተሰጣቸው ለእኔ ክንድ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ታማሚ ናቸው። በየማለዳው ከግድግዳው ማዶ ጉልበታቸው ወለሉን ሲመታው እሰማለሁ፤ ሲነሡ ያቃስታሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። እውነቱን ልናገር ብዬ ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። አንድም ቀን አላንኳኳሁም።